የልጅን የስልክ መልእክት እንዴት እንከታተል? መተማመንን የማያፈርስ መንገድ

ልጄ 13 ዓመቷ ሆኖ ስምንተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት፣ እሷ ከተኛች በኋላ ስልኳን እያነሣሁ ለሦስት ሳምንታት ያህል የቴሌግራም መልእክቶቿን አነበብሁ። የፈራሁት ነገር አልነበረም። ያገኘሁት ስለ ቤት ሥራ፣ ስለ ፀጉር አሠራርና ስለ አንድ መምህር ቁጣ የተጻፈ ወሬ ነበር፤ በመካከሉም አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ወላጆቿ ሊለያዩ መሆኑን የነገረቻት አንድ ረጅም መልእክት ነበረበት። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ የዚያችን ልጅ ስም ጠርቼ «እናቷ አሁን የት ነው የምትኖረው?» ብዬ ሳላስበው ጠየቅሁ። ልጄ የቆረሰችውን እንጀራ ወደ ትሪው መልሳ ዝም ብላ አየችኝ። በማግስቱ የስልኳ መክፈቻ ቁጥር ተቀይሮ ነበር። በአክስቷ ልጅ ሲም ካርድ ሁለተኛ የቴሌግራም አካውንት መክፈቷን የሰማሁት ደግሞ ከብዙ ወራት በኋላ፣ ከራሷ አፍ ነው።

ይህን የምጽፈው ወላጆች የልጆቻቸውን ስልክ ፈጽሞ እንዳይነኩ ለመምከር አይደለም። ለ12 ዓመት ልጅ ኢንተርኔት ያለው ስልክ ሰጥቶ ዞር ብሎ አለማየት ልጁን ብቻውን መተው ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ክትትሉ ልጁ የሚያውቀው፣ ወሰኑ አስቀድሞ የተነገረ፣ ከዕድሜውም ጋር እየላላ የሚሄድ መሆን አለበት። በድብቅ የሚደረግ ክትትል ልጁን ከመጉዳቱም ሌላ፣ ለተፈለገበት ዓላማ እንኳን አይበቃም። በቴሌግራም የሁለት ሰዎች ንግግር ውስጥ አንዱ ወገን የፈለገውን መልእክት ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ በዋትስአፕ ደግሞ መልእክት ከ24 ሰዓት፣ ከ7 ቀን ወይም ከ90 ቀን በኋላ በራሱ እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል። ሌሊት ተነሥቶ የሚያነብ ወላጅ የሚያየው ሳይጠፋ የቀረውን ብቻ ነው፤ በልጅ ላይ ክፉ ነገር ያሰበ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስተምረው ማጥፋትን ነው።

ሀካን ስታቲንና ማርጋሬት ከር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በመካከለኛው ስዊድን የሚኖሩ 703 የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው ነበር። ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውሎ ከሚያውቁት ውስጥ ትልቁ ክፍል የሚገኘው በቁጥጥርም በጥያቄም ሳይሆን፣ ልጆቹ በፈቃዳቸው ከሚነግሯቸው መሆኑን ደረሱበት። ጥናቱ የተደረገው ስማርት ስልክ በልጅ እጅ ከመግባቱ በፊት ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ነገሩን ይበልጥ እውነት ያደረገው ይመስለኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሣቸው እርምጃዎች ሁሉ የሚመዘኑት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ክፉ ነገር በመጣበት ሌሊት ልጄ ስልኩን ይዛ ወደ መኝታ ቤቴ ትመጣለች ወይስ አትመጣም?

መጀመሪያ የሚፈሩትን በስሙ መጥራት

ስልኩን ከመንካት በፊት አባትና እናት ተቀምጠው የሚፈሩትን ነገር በወረቀት ይጻፉ። «ዘመኑ ከፍቷል» የሚለው ስጋት ምንም ሊደረግበት አይቻልም፤ ሁሉን ለማየት ከማነሣሣት በቀር አያገለግልም። በእኔ ግምት መልእክትን መከታተል የሚገባው ለጥቂት ነገሮች ሲባል ነው። አንደኛው፣ ልጁ በአካል የማያውቀው ትልቅ ሰው ወዳጅ መስሎ ቀርቦ የኢንተርኔት ጥቅል ወይም የሞባይል ካርድ እየሞላ፣ ቀስ በቀስም ፎቶ እየጠየቀ «ለማንም እንዳትናገሪ» የሚልበት ሁኔታ ነው። ሌላው፣ የተላከን ምስል ይዞ ማስፈራራት ነው። በስልክ የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ተቀብሎ አካውንት መስረቅና በልጁ ስም ከዘመድ ገንዘብ መጠየቅም አለ። በክፍል ግሩፕ ውስጥ በአንድ ልጅ ላይ መዝመትም አለ፤ በዚህኛው የእኛ ልጅ ተጠቂ ብቻ ሳትሆን አጥቂም ልትሆን እንደምትችል ማሰብ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ራስን ስለ መጉዳት የሚጻፍ ነገር ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው፣ ማለትም ማንን እንደወደደች፣ በእናቷ ላይ ምን ብላ እንዳማረረች፣ ከጓደኞቿ ጋር ምን ዓይነት ቃል እንደምትለዋወጥ የራሷ የልጅነት ጉዳይ ነው። እኛም በዚያ ዕድሜ በደብተር ጀርባ የጻፍነውና እናታችን ብታየው ኖሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠን የምንመርጠው ነገር ነበረን። ዝርዝሩን ጽፎ መያዝ የሚጠቅመው ወላጅ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ ዓይኑ ወዴት መሄድ እንደሌለበት ስለሚያሳየው ነው።

ከስልኩ በፊት የሚደረግ ንግግር

ይህ ንግግር ስልኩ ከመሰጠቱ በፊት ቢሆን ይሻላል። በብዙ ቤት ግን ስልኩ ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ አክስት የላከችው ስጦታ ሆኖ፣ ወላጅ ሳያስብበት በልጁ እጅ ይገባል። ዘመድ ስልክ ልልክ ነው ሲል፣ በወላጅ በኩል እንዲሰጥ አስቀድሞ መለመን ነውር የለውም። ስልኩ ቀድሞ ከተሰጠም «እስከ ዛሬ ያልተነጋገርንበት ጥፋቱ የእኛ ነው» ብሎ መጀመር ይቻላል።

የምትሉት ነገር አጭርና ግልጽ ይሁን። እኔ ለታናሽ ልጄ ያልሁት ይህን ይመስል ነበር፦ «ልጄ፣ ይህ ስልክ ያንተ ነው። 18 ዓመት እስኪሞላህ ድረስ ግን ስለ አንተ የምንጠየቀው አባትህና እኔ ነን። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀምጠን ከማን ጋር እንደምትጻጻፍ እናያለን። ስልኩን አንተ ትይዘዋለህ። ካንተ ተደብቄ አልከፍተውም። ሳልነግርህ እንድከፍተው የሚያስገድደኝ ምን እንደሆነ ደግሞ አሁኑኑ እነግርሃለሁ።» እሱም «እማዬ፣ ጓደኞቼ የሚጽፉልኝንስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በስልኩ ውስጥ ካለው ግማሹ የሌላ ሰው ልጅ ምስጢር ነው። የጓደኛውን ቃል ከዚያ ክፍል እንደማላወጣው፣ ለጓደኛው ወላጅም እንደማላደርሰው፣ የዚያ ልጅ ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር ስለ ነገሩ አፌን እንደማልከፍት ቃል ገባሁለት። በምሳ ጠረጴዛ ያጠፋሁት ይህንኑ ነበር።

ሕጉም ሁለቱን ወገን ያያል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው የግል ሕይወትና በስልክም ሆነ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገውን ግንኙነት ይጠብቃል፤ ሕፃናትን አይለይም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በበኩሉ 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ አስተዳደግ አሳዳሪውን ኃላፊ ያደርጋል። ይህን ለልጅ በቀላል ቃል መንገር ይቻላል፦ አንተ መብት አለህ፣ እኔም ግዴታ አለብኝ።

ከንግግሩ ሁሉ ከባዱ ቃል ኪዳን ግን የሚከተለው ነው፤ ልትፈጽሙት ካልቻላችሁ ባትገቡት ይሻላል። ችግር ይዞ የመጣ ልጅ ስልኩ አይቀማም። ልጆች ማስፈራሪያ ሲደርሳቸው የሚደብቁት የመጣባቸውን ሰው ብቻ ፈርተው አይደለም፤ ወላጅ «ታዲያ ማን ላኪ አለሽ?» ብሎ ስልኩን እንዳይወስድባቸው ነው። ያን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ የሰማች ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ አትመጣም። ጥፋት ካለ በኋላ ይነሣል፤ በዚያ ሌሊት የሚባለው «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን አብረን እንየው» ብቻ ነው።

አባትና እናት አንድ ቃል መናገራቸው፣ አያትና አጎትም ወሰኑን ማወቃቸው አስፈላጊ ነው። በእኛ አገር ልጅን የሚያሳድገው አንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ይህ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም እንግዳ በተሰበሰበበት «አምጪ እስቲ ስልክሽን» የሚል አጎት ወላጅ በወራት የገነባውን በአንድ ደቂቃ ሊያፈርሰው ይችላል። ታላቅ ወንድምን ሰላይ አድርጎ መሾምም እንዲሁ ነው። ስልኩን የሚያዩት ሁለቱ ወላጆች ብቻ ናቸው ብሎ መቁረጥ ይገባል።

የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ጻፉት፤ ልጁ በራሱ እጅ ጽሑፍ ቢጽፈው ይመረጣል። ስልኩ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሳሎን ቻርጅ እየተደረገ እንዲያድር፣ የእሑዱ ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ወላጅ የማያየው ምን እንደሆነ ይግባበት። ልጆች የራሳቸውን ሐሳብ ሲጨምሩ አትከልክሉ። የእኔ ልጅ የጨመረችው መስመር «የእማዬና የአባዬም ስልክ በ3 ሰዓት ሳሎን ይገባል» የሚል ነበር፤ ከሁሉ መስመር ለመፈጸም ያስቸገረን ይህ ነው፤ ክትትሉን ፍትሐዊ ያደረገላትም ይኸው ነው።

የመክፈቻ ቁጥሩን በተመለከተ አንድ የሠራልንን ዘዴ ልንገራችሁ። ልጁ የስልኩንና የአካውንቶቹን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ በፖስታ ያሽገዋል፤ በታሸገበት ቦታ ላይ ልጁም ወላጁም ይፈርማሉ፤ ፖስታው ሁሉም በሚያውቁት መሳቢያ ይቀመጣል። ለከባድ አደጋ ቀን ብቻ የሚከፈት መሆኑ ይነገራል። ፖስታው ከተከፈተ ልጁ ያያል፤ እስካልተከፈተም ድረስ ወላጁ ቃሉን እንደጠበቀ በዓይኑ ያረጋግጣል። ልጁም የይለፍ ቃሉን ሲቀይር አዲሱን ወረቀት ራሱ ያሽጋል። በዚህ መንገድ ወላጅ በአደጋ ቀን በር ፊት ቆሞ አይቀርም፤ በሌላው ቀን ደግሞ በሩ የልጁ ነው።

ስልኩ ላይ የሚስተካከለው

ይህን ከልጁ ጋር ሆናችሁ አድርጉት፤ ጣቱ የእሱ ይሁን። መጀመሪያ የሚታየው አካውንቱ የተከፈተበት የልደት ቀን ነው። ብዙ ልጆች ዕድሜ ጨምረው ስለሚመዘገቡ፣ ኩባንያዎቹ ለልጆች ብለው ያስቀመጡት ጥበቃ ሁሉ አይደርሳቸውም። ቲክቶክ ዕድሜው ከ16 በታች ለሆነ ልጅ ቀጥታ መልእክትን ዘግቶታል፤ ለ18 ዓመት ልጅ ተብሎ በተከፈተ አካውንት ላይ ግን ይህ አይሠራም። ኢንስታግራምም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ የታዳጊዎችን አካውንት ለማያውቁት ሰው ዝግ አድርጎ የመክፈት አሠራር ጀምሯል፤ በዚያ አሠራር ወላጅ ልጁ ባለፉት ሰባት ቀናት ከማን ጋር እንደተጻጻፈ ያያል፣ የተጻጻፈውን ግን አያነብም። ይህ አከፋፈል እጅግ ትክክል ነው ብዬ አስባለሁ፤ ለሌሎቹም መልእክት መላላኪያዎች እንደ ሥርዓት ልንወስደው እንችላለን፦ ከማን ጋር የሚለው ይቀድማል፣ ምን ተባለ የሚለው ምክንያት ሲኖር ይከተላል።

በአገራችን ዋናው ጉዳይ ቴሌግራም ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህም የቤት ሥራው፣ የፈተና ፕሮግራሙ፣ የክፍሉ ወሬ እዚያ ቀረ። ስለዚህ መከልከሉ አያዋጣም፤ ማስተካከል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ፕራይቫሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ክፈቱ። የስልክ ቁጥሯን ማን ያያል በሚለው ላይ ማንም እንዳያይ፣ በቁጥሯ ማን ያገኛታል በሚለው ላይ በስልኳ የተመዘገቡ ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ አድርጉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወደ ግሩፕና ቻናል ማን ሊያስገባት ይችላል የሚለው ነው፤ ክፍት ከተተወ ማንም የማታውቀው ሰው በሺዎች ወደሚቆጠሩ ሰዎች ግሩፕ ሊጎትታት ይችላል፤ በዚያም ያሉ ሰዎች በቀጥታ ይጽፉላታል። ወደ ‹ማይ ኮንታክትስ› ይለወጥ።

ቀጥሎ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባለውን ተጨማሪ የይለፍ ቃል አብራችሁ አስገቡ፤ ቃሉም ወደ ፖስታው ይገባል። በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም የመጣን የማረጋገጫ ቁጥር፣ ጓደኛዋም ቢሆን «በስህተት ወደ አንቺ ልኬው ነው» ብሎ ቢጠይቃት፣ ለማንም እንደማትሰጥ አስረዷት። የብዙ ሰው አካውንት የተሰረቀው በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። የቴሌብር ምስጢር ቁጥርም ያው ነው።

ዲቫይስስ የሚለው ገጽ አካውንቱ በስንት ስልክና ኮምፒውተር ላይ እንደተከፈተ ያሳያል። ልጅቷ በየጊዜው እንድታየው አስተምሯት። አንዳንድ ወላጆች በዚሁ መንገድ የልጃቸውን ቴሌግራም በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ከፍተው በስውር ይከታተላሉ፤ ይሁን እንጂ አዲስ መሣሪያ ሲገባ ቴሌግራም ራሱ ለባለቤቱ መልእክት ስለሚልክ ስውርነቱ ብዙ አይቆይም። በዋትስአፕም ሊንክድ ዲቫይስስ የሚለው ተመሳሳይ ነገር ያሳያል፤ ወደ ግሩፕ ማን ያስገባታል የሚለውንም ፕራይቫሲ በሚለው ውስጥ ማስተካከል ይቻላል።

ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ የጉግል ፋሚሊ ሊንክ በነጻ ይገኛል። ልጁ አዲስ መተግበሪያ ሲያወርድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሰዓት ገደብ ያበጃል፤ መልእክት አያስነብብም። ለአይፎን ደግሞ ስክሪን ታይም አለ፤ በውስጡም የእርቃን ምስል ሲላክ ወይም ሲመጣ ምስሉን አደብዝዞ ልጁን የሚያስጠነቅቅ አሠራር አለው፤ ምስሉ የሚመረመረው በስልኩ ላይ ብቻ ስለሆነ ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም። ሁለቱም ልጁ እያወቃቸው የሚሠሩ ናቸው።

ልጁ ሳያውቅ መልእክቱን ሁሉ ገልብጠን ለወላጅ እንልካለን የሚሉትን፣ በገንዘብ የሚሸጡ መተግበሪያዎች ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። መተማመንን ማፍረሳቸው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ሌላ የልጃችሁ መልእክትና ፎቶ በማታውቁት ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ይከማቻል። ከእነዚህ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ኤምስፓይ የደንበኞቹ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ2018 እና በ2024 ሾልኮ ወጥቷል። ልጁን ከማያውቃቸው ሰዎች ለመጠበቅ ተብሎ የገባ መተግበሪያ የልጁን ምስጢር ለማያውቃቸው ሰዎች ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው።

አብሮ ማየት

የእሑዱ ጊዜ ከ15 ደቂቃ አይብለጥ። ቡና እየተፈላ፣ ሌላው ሰው በሌለበት ይሁን። ስልኩን ልጅቷ ትይዛለች፤ ወላጅ ከጎን ይቀመጣል። የሚታየው የስም ዝርዝሩ ነው። አዲስ ስም ካለ «ይህ ማን ነው? በአካል አግኝተሽው ታውቂያለሽ?» ብሎ መጠየቅ፣ አዲስ ግሩፕ ካለ ማን እንዳስገባት ማወቅ ይበቃል። ወደ ላይ እየሳቡ የቆየውን ማንበብ አይገባም። የአጻጻፍ ስህተት ማረምና «ይህን ቃል ከየት ተማርሽው?» ማለት ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ያ ጊዜ የምግባር ትምህርት ክፍለ ጊዜ ከሆነ በሦስተኛው እሑድ የምታዩት የጸዳ ስልክ ይሆናል።

ልጆቻችን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ሰዋስው እየቀላቀሉ ስለሚጽፉ፣ ከሩቅ የሚያስደነግጥ ቃል ሲጠየቅ ቀልድ ሆኖ ይገኛል፤ የቀልድ የሚመስለውም ስድብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከመተርጎም መጠየቅ ይሻላል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ይህ ችግር እጥፍ ይሆንባቸዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ያለች እናት የልጇን የመንገድ እንግሊዝኛ፣ በእስራኤል ያለ አባት የልጁን ዕብራይስጥ ሙሉ በሙሉ ላይከተል ይችላል። ታናሹን አስተርጓሚ ማድረግ ሁለቱንም ልጆች ያጠፋል። ልጁን ራሱን «ይህን አልገባኝም፣ አስረዳኝ» ማለት አያዋርድም፤ ልጆች አስተማሪ መሆን ይወዳሉ። በእስራኤል ለሚኖሩ፣ በኢንተርኔት በልጆች ላይ ለሚደርስ ጥቃት 105 የሚባል የስልክ መስመር መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል።

ከ10 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ መልእክቱን ራሱን አብሮ ማየት አይከብድም፤ ልጁም አይቃወምም። ከ13 እስከ 15 የስም ዝርዝሩ ይበቃል። 16 ዓመት ሲሆን የእሑዱን ጊዜ ወደ ወር አንድ ጊዜ፣ ከዚያም «የሚያስጨንቅሽ ሰው አለ?» ወደሚል ጥያቄ ብቻ ማሳጠር ይገባል። 12ኛ ክፍልን ጨርሳ ከወላጅ ርቃ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትሄድ ልጅ ባለፈው ወር ስልኳ ይፈተሽ ከነበረ፣ በራሷ መፍረድን የት ትለማመዳለች?

ሳይነግሩ መክፈት የሚገባበት ጊዜ

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ፈጽሞ የተሳሳቱ አይደሉም። ልጅ ስለ መሞት ከተናገረች፣ የምትወደውን ዕቃ ለሰው ማከፋፈል ከጀመረች፣ ምንጩ የማይታወቅ ገንዘብ ወይም አዲስ ዕቃ ከተገኘባት፣ የማታውቁትን ትልቅ ሰው ልታገኝ ነው የሚል ምልክት ካያችሁ ፖስታው ይከፈት። ስክሪኑን መሸፈኗ ብቻ ምልክት አይደለም፤ የ14 ዓመት ልጅ ሁሉ ይሸፍናል።

ሲከፈት ሁለቱም ወላጆች አብረው ይሁኑ፤ ብቻዋን የምታሳድግ እናት የምታምናትን አንዲት እህት ወይም እናቷን ትጥራ። የምትፈልጉትን ነገር ብቻ ፈልጉ፤ ስታገኙት ወይም እንደሌለ ስታረጋግጡ ዝጉት። ከዚያም በዚያው ቀን ንገሯት፦ «ዛሬ ፖስታውን ከፍተናል። የከፈትነው ይህን ስላየን ነው። ያየነው ይህን ብቻ ነው።» ሳይነግሩ ማደር ቀሪውን ቃል ኪዳን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ካገኛችሁ ልጅቷን ብቻዋን አትተዉ፤ ጾምና ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ በሌላ ከተማም በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ይቻላል።

ማስፈራሪያ ከመጣ

አንድ ሰው የልጃችሁን ምስል ይዞ ገንዘብ ወይም ተጨማሪ ምስል ከጠየቀ፣ አትክፈሉ፤ የተከፈለው ሰው ተመልሶ ይጠይቃል። መልስ መስጠትም ይቁም። ሰውየውን ብሎክ ከማድረግ በፊት የማስፈራሪያውን ጽሑፍ፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ ስልክ ቁጥሩ የሚታይ ከሆነ እሱን፣ ገንዘብ የጠየቀበትን አካውንት ስክሪንሹት አንሡ፤ በቴሌግራም እሱ በፈለገ ጊዜ ሁሉንም ሊያጠፋው እንደሚችል አስታውሱ። የልጁን እርቃን ምስል ግን ለማስረጃ ብላችሁ አትቅዱ፣ ለዘመድም አትላኩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሕፃናትን እንዲህ ያለ ምስል መያዝንና ማሰራጨትን ይቀጣል፤ ይኸው አዋጅ በመልእክት ወይም በምስል ሕፃንን ለወሲብ ተግባር የሚያባብልን ሰው በጽኑ እሥራት ይቀጣል። በዚህ ሕግ ፊት ልጃችሁ ተበዳይ ናት፤ ይህን ከአፋችሁ መስማት ያስፈልጋታል።

ስክሪንሹቱን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘውን መርማሪ ጠይቁ። ምስሉ እንዳይሰራጭ የሚረዳ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነጻ አገልግሎትም አለ፤ በአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 የጀመረው ነው። ምስሉ ከስልኩ ሳይወጣ የቁጥር አሻራው፣ ማለትም ምስሉን የሚለይ ግን የማያሳይ ቁጥር ብቻ ይወሰዳል፤ በዚህም አሻራ በአገልግሎቱ የተሳተፉ ኩባንያዎች ምስሉን ከገጾቻቸው ያነሣሉ። ልጁ ስሙን መስጠት አያስፈልገውም፤ በሌላ አገር ሆኖም መጠቀም ይቻላል።

መተማመኑ አስቀድሞ ከፈረሰ

እንደ እኔ በድብቅ ያነበባችሁ ብትኖሩ ይቅርታውን አታዘግዩ። ይቅርታው ያደረጋችሁትን በትክክል የሚጠራ ይሁን፦ ስንት ጊዜ፣ ምን ምን እንዳነበባችሁ። «ላንቺ ብዬ ነው» የሚለውን አትጨምሩ፤ ልጅ ያንን ታውቃለች፣ ይቅርታውን ግን ያፈርሰዋል። የእሷን ጥፋት በዚያው ቀን ማንሣትም አይገባም። እኔ ይህን ያደረግሁት ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ በጣም ዘግይቼ ነበር። ልጄ ሰምታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ጓደኛዋ ወደ ቤታችን ስትመጣ ስለ ቤተሰቧ ምንም እንዳልጠይቃት። ጠብቄአለሁ። ወረቀቱን የጻፍነው፣ ፖስታውንም ያሸግነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው አካውንት መኖሩን የነገረችኝም ወረቀቱን ስትጽፍ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ እሑዶች ደረቅ ነበሩ። ስልኩን ትከፍታለች፣ እኔ አያለሁ፣ ትዘጋለች። ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ላይ ገና ሳልቀመጥ ስልኩን ወደ እኔ አዙራ የማታውቀው ሰው የላከላትን ሰላምታና የፎቶ ጥያቄ አሳየችኝ። «እማዬ፣ ብሎክ ላድርገው ወይስ መጀመሪያ ስክሪንሹት ላንሣ?» አለችኝ። መጀመሪያ ስክሪንሹት አልኋት።